ካሜራ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ የምትሠሩበትን ክፍል አስቡ

ጥር ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። የሰርግ ወቅት ከመግባቱ በፊት ሥራ መጀመር የሚፈልጉ ልጆች ናቸው የሚደውሉት። "የትኛው ካሜራ ይሻላል?" ይሉኛል። ብዙዎቹ የያዙት ብር የዕቁብ ነው፣ አለዚያም ዘመድ ያበደራቸው። አንዴ ከወጣ አይመለስም። ስለዚህ እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ምን ልታነሱበት ነው? የት?

መልሱ ሁሌም ተመሳሳይ ነው ማለት ይቻላል። ክርስትና፣ ልደት፣ ቀለበት፣ ምርቃት። ቦታው የኮንዶሚኒየም ሳሎን፣ ድንኳን ወይም ቤተ ክርስቲያን ነው። ብርሃን የለም፣ ቦታው ጠባብ ነው፣ ሰዉ ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም። ብራችሁንም በዚሁ ልክ አከፋፍሉት። ከግማሽ በታቹ ለቦዲ፣ ማለትም ሌንስ ለሌለው ለካሜራው አካል፣ ይበቃል። የቀረው ለሌንስ፣ ለፍላሽ፣ ለትርፍ ባትሪና ለሜሞሪ ይሁን። ዋጋ እዚህ አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት ለሳምንት አይሆንም።

ሱቅ ስትገቡ ቀድሞ የሚነገራችሁ ሜጋፒክስል ነው። አያስደንግጣችሁ። ካነን 700ዲ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ 18 ሜጋፒክስል ያለው ካሜራ ነው። ፎቶው 5184 በ3456 ፒክስል ይመጣል። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም 44 በ29 ሴንቲሜትር ገደማ ማለት ነው። ለአልበም ከበቂ በላይ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ "ሪቤል ቲ5አይ" ተብሎ ተጽፎበት ታገኙታላችሁ፣ ካሜራው ግን ያው ነው። ቪዲዮም የምትሠሩ ከሆነ ትንሽ ጨምራችሁ 70ዲ ፈልጉ። ቪዲዮ እየቀረጸ ፊትን ተከትሎ ፎከስ በማድረግ ከ60ዲ በጣም ይሻላል። 60ዲ ላይ ቪዲዮ ስትቀርጹ ፎከሱን በእጃችሁ ማዞር አለባችሁ።

በዚሁ ዋጋ አሮጌ ፉል ፍሬም፣ ማለትም ትልቅ ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ያለው ካሜራ፣ ልትሸጥላችሁ የምትሞክር ሱቅ አትጠፋም። 5ዲ ማርክ 2 ጥሩ ካሜራ ነው፣ አከብረዋለሁ። ለጀማሪ ግን አልመክረውም። ለትንሽ ሴንሰር የተሠሩት ርካሾቹ ኢኤፍ-ኤስ ሌንሶች አይገቡለትም። ምልክታቸውን እወቁት፤ ነጭ ካሬ ያለበት የካነን ሌንስ ለትንሹ ሴንሰር ብቻ ነው፣ ቀይ ነጥብ ያለበት ለሁለቱም ይሠራል።

ኒኮንም ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ ቦዲያቸው ውስጥ የፎከስ ሞተር የለም። ኤኤፍ-ዲ የሚባሉትን የቆዩ ሌንሶች ብትገጥሙባቸው በራሳቸው ፎከስ አያደርጉም። ኤኤፍ-ኤስ የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ሚረርለስ፣ ማለትም ውስጡ መስታወት የሌለውን አዲሱን ዓይነት፣ የምትሉም አላችሁ። ጥሩ ነው፣ ወደፊት ትገዙታላችሁ። አሁን ግን ሌንሱ ውድ ነው። እኔ አብሬያቸው የምሠራቸው አብዛኞቹ የያዙት የካነን ዲኤስኤልአር (መስታወት ያለው ዓይነት) ስለሆነ፣ ሌንስ ሲቸግራችሁ ተውሳችሁ ትሠራላችሁ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፣ ወደ ሌንሱ።

ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ሚሊ ሌንስ፣ ኪት ሌንስ የሚባለው፣ ዙም ሲደረግ ኤፍ 5.6 ላይ ይደርሳል። የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፋ ብሎ ይከፈታል። ኤፍ 1.8 ሌንስ ከእሱ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ይህ ወረቀት ላይ ያለ ቁጥር ብቻ አይደለም። ማታ ሳሎን ውስጥ ሕፃኑ እጁን ሲያወዛውዝ በ5.6 ጣቶቹ ጭጋግ ይሆናሉ፣ በ1.8 ግን አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ኪት ሌንሱ ላይ ያለው የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያም እዚህ አያድናችሁም። የእናንተን እጅ እንጂ የሕፃኑን እጅ አያረጋጋም። ፍላሽ የማይፈቀድበት ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ደግሞ ያላችሁ ተስፋ ይሄው ሌንስ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሁሉም ሰው "ፊፍቲ ግዛ" ይላል። የካነን 50 ሚሊ ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም በእርግጥም በዋጋው ተወዳዳሪ የለውም። ሙሽራ ለብቻዋ፣ ተመራቂ ከነጋዎኑ፣ እናት ልጇን አቅፋ፣ እንዲህ ላለው ግሩም ነው። ሳሎን ውስጥ ግን መከራ ነው። እንደ 700ዲ ባሉ ትንሽ ሴንሰር ባላቸው ካሜራዎች ላይ ከ3 ሜትር ርቀት በ50 ሚሊ የምታዩት ስፋት 1 ሜትር ከ34 ሴንቲ ብቻ ነው። ትከሻ ለትከሻ የተጠጉ ሁለት ሰዎች ናቸው። ጀርባችሁ ፍሪጁ ላይ ተለጥፎ፣ ሶፋው ላይ ከተቀመጡት አራት አክስቶች ሁለቱ ከፎቶው ይቀራሉ። የቀሩትም አይረሱላችሁም። በ24 ሚሊ ከዚያው ቦታ ላይ 2 ሜትር ከ80 ገደማ ይታያል። ሶፋው እንዳለ ይገባል ማለት ነው።

ኪት ሌንስ ያለው ጓደኛ ካላችሁ ለአንድ ቀን ተዋሱት። እቤታችሁ ውስጥ መጀመሪያ 24 ላይ፣ ቀጥሎ 35 ላይ፣ በመጨረሻ 50 ላይ አቁሙትና ቤተሰቡን አንሱ። የትኛው እንደሚያስፈልጋችሁ ያኔ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። የእኔን ፍርድ ከፈለጋችሁ፣ አንድ ሌንስ ብቻ መግዛት ለሚችል ያገለገለ ሲግማ ወይም ታምሮን 17-50 ኤፍ 2.8 እመርጣለሁ። ሳሎኑንም ሙሽራዋንም ይችላል። ብሩ ለዚያ ካልደረሰ ኪት ሌንሱን ለቡድን፣ ፊፍቲውን ለአንድ ሰው ይዛችሁ ጀምሩ። ኒኮን የያዛችሁ የ35 ሚሊ ኤፍ 1.8 ዲኤክሱን (ለትንሽ ሴንሰር የተሠራውን) ፈልጉ። ከሁለት ረድፍ በላይ ቤተሰብ ስታነሱ ግን 1.8 ላይ አትተዉት። አያት ፊት ለፊት ጥርት ብለው ከኋላ የቆሙት ይደበዝዛሉ። ኤፍ 4 አድርጉትና የጎደለውን ብርሃን በፍላሽ ሙሉ።

ፍላሹ ጭንቅላቱ የሚዞር ይሁን። እንደ ዮንግኑኦ 560 ያለው በእጅ የሚስተካከል ርካሽ ፍላሽ ይበቃል። ወደ ነጭ ጣሪያ አዙሩትና ብርሃኑ ከላይ ለስልሶ ይውረድ። ድንኳን ውስጥ ግን ይህን አታድርጉ። ሸራው ሰማያዊ ከሆነ የሁሉም ሰው ፊት ሰማያዊ ይሆናል። እዚያ ቀጥታ፣ በትንሽ ኃይል ተጠቀሙበት።

ያገለገለ ስትገዙ ቀን ይሁን፣ አትቸኩሉ። ሻጩ "ሌላ ገዢ መንገድ ላይ ነው" ቢላችሁ ይሂድለት። ሌንሱን ከቦዲው አውልቁ። የስልካችሁን መብራት ከኋላ በኩል አብርታችሁ ከፊት በኩል እዩ። ጥቂት አቧራ ምንም አይደለም። የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ክር ካያችሁ ግን ሻጋታ ነው፣ ተዉት። ክረምቱን ሙሉ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ ላይ ይህ ያጋጥማል። ቀጥሎ ሌንሱን ግጠሙና ኤፍ 22 ላይ ነጭ ግድግዳ አንሱ። ፎቶውን አጉልታችሁ ስታዩ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ሴንሰሩ ላይ ቆሻሻ አለ። መጀመሪያ ይጽዳና እንደገና አንሱ። ያልለቀቀ ነጠብጣብ ጭረት ሊሆን ይችላል። ሻተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መጋረጃ) 1/4000 ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ ውጭ ሰማይ አንሱ፤ ከፎቶው አንዱ ጎን ከጠቆረ ሻተሩ ደክሟል።

ስንት ፎቶ እንዳነሳም ጠይቁ። 60ዲ እና 70ዲ ለ100,000 ያህል ፎቶ የተሞከሩ ናቸው። የኒኮን ቁጥር ፎቶ ፋይሉ ውስጥ ይገኛል። የእነዚህን ካነኖች ግን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አያይዞ በፕሮግራም ማንበብ ይጠይቃል። አንድ ላፕቶፕ ያለው ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ፍላሹን ከላይ ሰክታችሁ መተኮሱን እዩ። ባትሪው አብጦ እንዳይሆን ዳስሱት። ሜሞሪውን ቤት ወስዳችሁ እስኪሞላ ቅረጹበት፣ 64 ጂቢ ተብሎ 8 የሚይዝ ሞልቷል። ከግለሰብ ከገዛችሁ የካሜራው ሲሪያል ቁጥር የተጻፈበት የሽያጭ ወረቀት ከመታወቂያ ኮፒ ጋር ተቀበሉ። የተሰረቀ ዕቃ ይዞ መገኘት ጣጣው ብዙ ነው።

ከአሜሪካ የመጣ ካሜራ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይሠራል የሚል ጽሑፍ መኖሩን አንብቡ። ካለ የሶኬቱን ቅርጽ የሚቀይር ብቻ ይበቃችኋል። ከዚያ ሜኑ ውስጥ ግቡና ቪዲዮ ሲስተም የሚለውን ከኤንቲኤስሲ (የአሜሪካው) ወደ ፓል (የእኛው) ቀይሩት። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሻተሩን 1/50 ላይ አድርጋችሁ ስትቀርጹ አብዛኛው የሳሎን አምፖል ቪዲዮው ላይ አይርገበገብም።