የኤች አይ ቪ ታካሚን ከራሱ ሕክምና የሚያርቁ ስህተቶች፦ ጎንደር ላሉ አማካሪዎችና አስታማሚዎች

«መድኃኒቱን በደንብ እየወሰዱ ነው?» ብሎ መጠየቅ። መልሱ የታወቀ ነው፦ «አዎ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ይልቅ «ሰው ነንና ይረሳል፤ ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን አመለጠዎት?» ይበሉ። ከዚያ ኪኒኑን ታካሚው ራሱ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎ ይቁጠር። በቀን አንድ የሚዋጥ 90 ፍሬ ወስዶ ልክ 80 ቀን ከዋጠ በኋላ የሚተርፈው 10 ነው። 16 ከተገኘ 6 ቀን ተዘሏል፤ የተዋጠው 92 ከመቶ ገደማ ነው፣ የሚፈለገው ቢያንስ 95። ሒሳቡን ራሱ ሲደርስበት ቁጣ አያሻም፤ የቀረው «የትኞቹ ቀናት ነበሩ?» ብቻ ነው። ገበያ የዋለበት፣ እንግዳ ቤት ያደረበት ቀን እዚህ ላይ ይወጣል።

የቫይራል ሎድ (በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) ውጤትን «ጥሩ ነው» ብሎ ማለፍ። ቁጥሩን ይንገሩት፣ ካርዱ ላይም ይጻፉለት። ቁጥሩ ከፍ ያለ ከሆነ ምክሩ ተጠናክሮ ምርመራው እንደሚደገም ይወቅ። «አልታየም» የምትለው ቃል ደግሞ ጣጣ አላት፤ «ለቀቀኝ» ብሎ የሚያቆም አለ። ቫይረሱ አድፍጦ እንደሚቆይ፣ መድኃኒት ሲቋረጥ እንደሚመለስ፣ እየዋጠ ባልታየበት ጊዜ ግን በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደማይተላለፍ አብረው ያስረዱት።

ጾሙን ሳይጠይቁ ሰዓት መመደብ። ጠዋት 1 ሰዓት የተባለ ሰው በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ውሃም አይቀምስም፤ ከዚያ ይረሳዋል። ዶሉቴግራቪር የተባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ያለበት የቀን አንድ ፍሬ ምግብ የግድ አይልም፤ ከመጀመሪያው ማታ 2 ሰዓት ቢሆን ይሻላል። አይረን (የብረት ኪኒን) የምትወስድ ነፍሰ ጡር ሁለቱን ከምግብ ጋር ትዋጥ፤ በባዶ ሆድ ከሆነ ዶሉቴግራቪሩን ከአይረኑ 2 ሰዓት አስቀድማ ወይም 6 ሰዓት አዘግይታ ትውሰድ።

ጠበልን መንቀፍ። የተነቀፈ ይደብቃል እንጂ አይተውም። ጠበሉም ኪኒኑም አብረው ይሄዳሉ።

ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወይም ሁመራ የሚወርደውን ሳይጠይቁ መሸኘት። በነሐሴ «ዘንድሮ ይወርዳሉ? ስንት ወር?» ይበሉት። ሁለት ወር ካለ ለ60 ቀን ብቻ አይስጡት፤ አጨዳ ይረዝማል፣ 90 ይያዝ። ብልቃጡ ሲንኳኳ ሰው ይሰማብኛል ብሎ ኪኒኑን በወረቀት የሚቋጥር ብዙ ነው፤ እርጥበት ያበላሸዋል። ብልቃጡን በጨርቅ ጠቅልሎ ከልብሱ መሃል ይክተተው፤ ውስጡ ያለችውን እርጥበት የምትመጥ ከረጢትም አያውጣት።