ሳንቲሙ ልቃቂት ውስጥ ሲገኝ፦ የኪሱን መሣሪያ የሚያጋልጡ ስህተቶች

በቅርብ ርቀት ከሚታዩ የምትሃት ትርኢቶች ይህን ያህል የምወደው የለም። ተመልካቹ ከኪሱ ባወጣው የአንድ ብር ሳንቲም ላይ ምልክት ያደርጋል። ሳንቲሙ ከእጄ ይጠፋል። ከኮቴ ኪስ የጥጥ ልቃቂት አውጥቼ ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ባለሳንቲሙ ፈትሉን እየሳበ ሲተረትረው የገዛ ሳንቲሙ ከብርጭቆው ሥር ቅጭል ይላል።

ብልሃቱ የቆየ ነው። በእንግሊዝ አገር በሱፍ ክር የሚሠራው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1876 በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ተገልጿል። ልቃቂቱ የሚጠቀለለው በጠፍጣፋ የቆርቆሮ ቱቦ ጫፍ ላይ ነው፤ እኔ አፎት እለዋለሁ። አፎቱ አፉን ወደ ላይ አድርጎ ኪስ ውስጥ ይቆማል። በአፉ የተለቀቀው ሳንቲም እስከ ልቃቂቱ እምብርት ይንሸራተታል፤ ልቃቂቱ ሲወጣ አፎቱ ኪስ ውስጥ ይቀራል። ይህን ማወቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በፒያሳና በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባሉ ካፌዎች ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞርኩ ሳሳይ ያየሁት ግን ትርኢቱን የሚያበላሹት ከመሣሪያው ዙሪያ ያሉ ነገሮች መሆናቸውን ነው።

አፎቱን በግምት ማሠራት

ወደ ቆርቆሮ ሠራተኛው ሲሄዱ ሳንቲሙን ይዘው ይሂዱ። መርካቶ ምን አለሽ ተራ ያሉት ባለሙያዎች ከተጣለ ጣሳ ጥሩ አድርገው ይሠሩታል፤ የሚያስፈልጋቸው ትክክለኛ ልክ ብቻ ነው። ወርዱ ከሳንቲሙ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ይስፋ፤ ርዝመቱ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ውስጡ በብርጭቆ ወረቀት ካልለሰለሰ ሳንቲሙ መንገድ ላይ ይቀራል። የሚዋሱት ሳንቲም አዲስ ወይም የተጣመመ ሊሆን ስለሚችል በአሥር የተለያዩ ሳንቲሞች ይሞክሩት። ሳይነቀነቅ በክብደቱ ብቻ ካልወረደ አፎቱ ገና አላለቀም።

ልቃቂቱን አጥብቆ መጠቅለል

ሱፍ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፤ አፎቱ ሲወጣ ቀዳዳው በራሱ ይዘጋል። የእኛ ጥጥ እንዲህ አይደለም። አጥብቀው ከጠቀለሉት አፎቱን ይዞ አይለቅም፤ ቢለቅም የተሰነጠቀ አፍ ትቶ ይሄዳል፤ ሹል ዓይን ያለው ተመልካች ደግሞ ያንን አፍ ያያል። መፍትሔውን ያገኘሁት እንዝርት ከእጇ ከማይለየው አክስቴ ነው። ድር ጠንክሮ የተጠመዘዘ ስለሆነ ያንሸራትታል፤ ማግ ግን ልልና ለስላሳ ሆኖ ስለሚፈተል እርስ በርሱ ይያያዛል። ስለዚህ በማግ ይጠቅልሉ፤ የመጀመሪያዎቹን ሃያ ዙሮች እያመሳቀሉ ላላ ያድርጓቸው። ልቃቂቱ ከኪስ ሲወጣ በመዳፍ ውስጥ አንዴ ጨበጥ ሲያደርጉት ቀዳዳው ይደፈናል።

ሳንቲሙ «ከጠፋ» በኋላ ወደ ኪስ መግባት

ብዙዎች የሚወድቁበት ስህተት ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ጀማሪው ግራ እጁን ዘርግቶ ባዶ መሆኑን ያሳያል፤ ወዲያው ቀኝ እጁ ኪስ ይገባል። ሕፃን እንኳን ሁለቱን ያገናኛል። እጅዎ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን አያድንዎትም፤ ተመልካቹ የሚፈርደው ባየው ቅደም ተከተል ነውና።

ሥራው ማለቅ ያለበት ማንም ሥራ መጀመሩን ሳያውቅ ነው። እኔ ይህን የማደርገው በማርከር ነው። ማርከሩን ሁልጊዜ አፎቱ ባለበት ኪስ አስቀምጠዋለሁ። አውጥቼ ለባለሳንቲሙ እሰጣለሁ፤ ምልክቱን ያደርጋል፤ ሳንቲሙንና ማርከሩን ይመልስልኛል። ሳንቲሙን ወደ ግራ እጄ ያስተላለፍኩ መስዬ በቀኝ መዳፌ አስቀራለሁ፤ በዚያው ቀኝ እጅ ማርከሩን ወደ ኪስ እመልሳለሁ። ሳንቲሙ አፎቱ ውስጥ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ተጠቅሞበት የጨረሰውን ዕቃ ወደ ቦታው የሚመልስን ሰው ማንም አይጠረጥርም። ከዚያ በኋላ አልቸኩልም። በግራ እጄ «ያለውን» ሳንቲም እያየሁ ባለቤቱን ምን ምልክት እንዳደረገ እጠይቀዋለሁ፤ ሌሎቹም ያስታውሱ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ግራ እጄ ሲከፈት ግማሽ ደቂቃ አልፏል፤ የማርከሩንም ነገር ሁሉም ረስቶታል።

ዓይንዎ ግን ሊያጋልጥዎት ይችላል። እጅዎ ኪስ ሲገባ ወደ ኪሱ አይመልከቱ። የአፎቱ አፍ ከኪሱ ጠርዝ አንድ ጣት ብቻ ዝቅ ብሎ በመርፌ ቁልፍ ከውስጠኛው ጨርቅ ጋር ከተያያዘ ጣትዎ ሳይፈልግ ያገኘዋል፤ ልቃቂቱ ሲሳብም አፎቱ ተከትሎ አይወጣም።

ተቀምጦ መሥራት

ሲቀመጡ የኮት ኪስ ይታጠፋል፣ አፎቱም ይጋደማል። ቆመው ይሥሩ።

ፈትሉን ራስ መተርተር

ልቃቂቱ ብርጭቆ ውስጥ ከገባ በኋላ እጅዎን አንሡ፤ የፈትሉን ጫፍ ለባለሳንቲሙ ይስጡ። እርስዎ ከነኩት ሳንቲሙን አሁን ጨመረው የሚል ይነሣል። የማኪያቶ ብርጭቆ ለዚህ አይበቃም፤ አስተናጋጁን የውኃ ብርጭቆ ይጠይቁ። ልቃቂቱም አይግዘፍ፤ ተተርትሮ ለማለቅ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከወሰደ ሰው ወደ ወሬው ይመለሳል።

አስማት ነው ብሎ ማስፈራራት

በዚህ ከተማ «አፍዝ አደንግዝ» ሰምቶ የማያውቅ ሰው የለም፤ ተታልዬ ገንዘቤን በገዛ እጄ ሰጠሁ የሚል ታሪክም በየሠፈሩ አለ። ከማያውቁት ሰው ገንዘብ ተቀብሎ መሰወር በዚህ ፍርሃት ላይ መቆም ነው። አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት እናት ሳንቲማቸውን ከብርጭቆው ሥር ሲያዩት አማተቡ፤ እጃቸውንም ሰበሰቡ። «ልጄ፣ ይህን ነገር ከየት አመጣኸው?» አሉኝ። በፊታቸው ላይ ያየሁት ድንጋጤ እስከ ዛሬ ይከብደኛል። «እማማ፣ የእጅ ሥራ ነው፤ እንደ ሽመና በልምምድ የሚመጣ ነው» አልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን የምናገረው ሳንቲሙን ከመቀበሌ በፊት ነው፤ የተመልካቹ መደነቅ በዚህ ሲቀንስ አላየሁም።

እርሳቸው ግን ወዲያው አልመለሱልኝም። የተተረተረውን ማግ ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል ደጋግመው አሹት። «ፈትሉስ የእጅ ነው» አሉ በመጨረሻ፤ ሳንቲሙን ከብርጭቆው አውጥተው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።