«ይሠራል ወይስ ልጣለው?»

በየካቲት አንድ ቀን ከሰዓት አንዲት የፔንሲዮን ባለቤት በባጃጅ መጡ። አጠገባቸው ቀይ ቫኪዩም ክሊነር ተቀምጧል፤ ቱቦው በጎን ወጥቶ አስፋልቱን ሊጠርግ ምንም አልቀረው። ገና ሳይወርዱ «ልጄ፣ ይሠራል ወይስ ልጣለው?» አሉኝ።

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከቅዳሜ ገበያ ብዙም በማይርቅ ጠባብ ሱቅ የቤት ዕቃ እጠግናለሁ። ከምጣድ፣ ከካውያና ከጁስ መፍጫ ጋር ነው ውሎዬ። ቫኪዩም በወር አንድ ሁለት ቢመጣ ነው። እሱም ከሆቴል፣ ከላቫጆ፣ ወይም ውጭ አገር ዘመድ ካለው ቤት። የሚመጣው ሰው ሁሉ ግን ይችኑ ጥያቄ ይዞ ነው። አንዳንዱ እንዲያውም «አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፣ አርጅቷል» ብሎ ፍርዱን ጨርሶ ይመጣል።

ዕድሜው ለኔ ብዙ አይነግረኝም። የማየው የቱ ክፍል እንደሞተ ነው። ቱቦ፣ ፊልትሮ፣ ገመድ ከሆነ ይጠገናል፤ ክርክር የለውም። ካርቦን (ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው) ወይም ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት) ከሆነ ሞተሩ ተፈትቶ ይታደሳል። የሞተሩ ሽቦ ከተቃጠለ ግን ሞተሩ በሞላው ይቀየራል፣ ካልተገኘለትም ማሽኑ ለሌላ ማሽን መለዋወጫ ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ግማሹ ምርመራ ካቻቢቴ እንኳ አይፈልግም።

መጀመሪያ ቱቦውን ንቀሉና ማሽኑን ለብቻው አስነሱት። መዳፋችሁን አፉ ላይ አድርጉ። እዚያ አጥብቆ እየሳበ ቱቦው ጫፍ ላይ ካልሳበ ሞተሩ ደህና ነው። አጥፉትና አንድ ብይ በቱቦው ልቀቁበት። ብይዋ በሌላው ጫፍ ከወጣች መንገዱ ክፍት ነው። ካልወጣች የተቀረቀረ ነገር አለ። እኛ ቤት ቱቦ የሚዘጋው ምን እንደሆነ መገመት አያቅትም፤ ቄጠማ ነው። ከበዓል ማግስት ምንጣፍ ላይ የቀረ ደረቅ ቄጠማ መታጠፊያው ጋ አግድም ይቆማል። ፈንዲሻ መጥቶ ይደገፍበታል፣ ፀጉር ይጠመጠምበታል፣ በቃ። በሽቦ አትጎርጉሩት፣ ትበሱታላችሁ። ቱቦውን ገልብጣችሁ ሰኩና ማሽኑ ራሱ በመጣበት በኩል ይሳበው። እምቢ ካለ የመጥረጊያ እንጨት ጫፉን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ግፉ።

ቱቦው ከተሰነጠቀ ፉጨት ይሰማል። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰነጠቀው እጀታው ሥር ነው፤ ሁልጊዜ የሚታጠፈው እዚያ ነውና። ስኮች ጠቅልለው የሚያመጡልኝ አሉ፣ ሳምንት አይቆይም። የተቀደደውን ቆርጣችሁ ጣሉና የቀረውን እጀታው ውስጥ እንደ ብሎን እያዞራችሁ አስገቡት። የብዙዎቹ ቱቦ ሸንተረር ራሱ ጥርስ ሆኖ ይይዛል።

ቀጥሎ ድምፁን ስሙ። «ድሮ እንዲህ አይጮህም ነበር፣ ሞተሩ ሊሞት ነው» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ድምፁ ቀጥኖ ወደ ላይ ከወጣና መሳቡ ከቀነሰ አየር ታፍኗል። ማራገቢያው የሚገፋው አየር ሲያጣ ሥራው ይቀልለታል፣ ሞተሩም ይፈጥናል። የቱቦውን ጫፍ በመዳፋችሁ ድፈኑት፣ ያንኑ ጩኸት ወዲያው ትሰማላችሁ። ጠንክሮ የሚሠራ ይመስላል እንጂ ባዶውን እየሮጠ ነው።

ችግሩ ሙቀቱ ነው። ብዙው የቤት ቫኪዩም ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በሚስበው በዚያው አየር ነው። ከተማችን ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየራችን ባሕር ጠረፍ ካለ አገር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ማሽኑ እዚህ ሲደርስ ማቀዝቀዣው ከመነሻው ጎደል ብሎበታል ማለት ነው። ስለዚህ አሥር ደቂቃ ሠርቶ ቀጥ ካለ፣ ግማሽ ሰዓት አርፎም ምንም እንዳልሆነ ከተነሳ፣ አትደንግጡ። ውስጡ ያለው የሙቀት መቁረጫ ነው ያጠፋው። ፊልትሮውን አጽዱ። ስፖንጁ በውሃ ይታጠባል፣ ጥላ ሥርም ቀኑን ሙሉ ይደርቃል። እርጥቡን እንዳትገጥሙት። የተጣጠፈ ወረቀት የሚመስለው ፊልትሮ ግን ይታጠባል የሚል ካልተጻፈበት ውሃ አይነካውም፤ ይራገፋል፣ ሲብስበት ይቀየራል።

የአቧራ ከረጢት አልገኝ ሲል ከአቡጀዲ የሚያሰፋ አለ። ክፉ ሐሳብ አይደለም። ሁለት ድርብ ይሁን፣ ስፌቱ ጠበቅ ይበል፣ ከሞተሩ ፊት ያለችው ትንሿ ፊልትሮ ደግሞ በምንም ምክንያት እንዳትወጣ። እሷ ከሌለች ደቃቁ አቧራ ሞተሩ ውስጥ ነው የሚከማቸው። አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። ቡና ከተፈላ በኋላ የተበተነውን የከሰል አመድ በቫኪዩም አትጥረጉ። አመድ አቡጀዲን እንደሌለ ቆጥሮ ያልፋል። ፍም ካለበትማ ከረጢቱን ያቃጥለዋል፤ የተቃጠለ አይቻለሁ።

ጭራሽ የማይነሳ ከሆነ ወደ ኤሌክትሪኩ እንሂድ። ስፒናውን ከግድግዳ ንቀሉ። ነቀላችሁ? እሺ። የማሽኑን ማብሪያ «በራ» ላይ አድርጉና የቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ሁለት ጫፎች በስፒናው ሁለት እግሮች ላይ አሳርፉ። ጥቂት ኦም ካሳየ ከስፒናው እስከ ሞተሩ መንገዱ አልተቋረጠም። ምንም ካላሳየ ገመዱን፣ በተለይ ወደ ማሽኑ የሚገባበትን ቦታ እያጠፋችሁ ሞክሩ። ገመዱን የሚጠቀልለው መዘውርም ውስጡ የሚነካካ መዳብ አለው፤ እሱ ይቆሽሻል። ማሳሰቢያ፦ የፍጥነት ማስተካከያ ቁልፍ ያለው ማሽን ጤነኛ ሆኖም ቴስተር ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል። ያኔ ከፍታችሁ ሞተሩ ላይ በቀጥታ ለኩ። አንዱን የቴስተር ጫፍ የሞተሩ ብረት ላይ፣ ሌላውን ስፒናው ላይ ስታደርጉ ደግሞ ቴስተሩ ምንም ማሳየት የለበትም። ካሳየ ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ እያመለጠ ነው፣ ሰው ይይዛል። እንዲህ ያለውን መንስኤው ሳይገኝ አታስነሱት።

ከአሜሪካ ስለመጣ ማሽን አንድ ነገር። ከመሰካታችሁ በፊት ታች የተለጠፈውን ሰሌዳ አንብቡ። 120 ቮልት ካለ የኛ 220 በጥቂት ሰከንድ ይጨርሰዋል። ቮልቱ እጥፍ ሊሆን ሲቃረብ የሚበላው ኃይል ከሦስት እጥፍ ሊበልጥ ይችላልና። ትራንስፎርመር ይቻላል፣ ነገር ግን 12 አምፒር የሚስብ ማሽን 1,440 ዋት ነው። ይህን ሳይግል የሚሸከም ትራንስፎርመር ትልቅና ከባድ ነው፣ ከክፍል ክፍል ስትጎትቱት ትውላላችሁ። እኔ «ለላከላችሁ ሰው አመስግኑ፣ አትሰኩ» ነው የምለው።

አሁን ሞተሩ ጋ ደረስን። ስትፈቱ እያንዳንዱን ደረጃ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ብሎኖቹን ወረቀት ላይ እንደየቦታቸው አስቀምጡ፤ ረጅሙን አጭሩ ቦታ ብታስገቡ ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል።

የሴትዮዋን ቀይ ማሽን የከፈትኩት እሳቸው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው እያዩኝ ነው። ሲነሳ ይንገጫገጫል፣ አንዳንዴ በጥፊ ካልተመታ አይነሳም ብለውኛል። ይህ የካርቦን ምልክት ነው። ካርቦኖቹ ሁለት ናቸው፤ በሞተሩ ግራና ቀኝ ከነቤታቸው ተቀምጠው በስፕሪንግ እየተገፉ የሚዞረውን የመዳብ ቀለበት ይነካሉ። እየተፋቀ የሚያልቅ ዕቃ ነው፣ እንደ እርሳስ። አንዱን ሳወጣው ከትንሿ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም። ከአንድ ሴንቲ ሜትር ካነሰ ይቀየራል፤ አንዱ ቢያልቅም የሚቀየረው ሁለቱም ነው። ልኩ ካልተገኘ ትንሽ ወፈር ያለውን ገዝታችሁ ጠፍጣፋ ነገር ላይ በተነጠፈ የብርጭቆ ወረቀት ፋቁት። ቤቱ ውስጥ ሳይይዘው መንሸራተት አለበት፣ መላወስ ግን የለበትም። አዲሱ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ብልጭ ብልጭ ይላል። ትንሽ ሰማያዊ ብልጭታ የተለመደ ነው። ቀለበቱን የሚዞር የእሳት ክብ ካያችሁ ግን አጥፉ።

ካርቦኑን ካወጣችሁ አይቀር ቀለበቱን በባትሪ አብርታችሁ እዩት፤ የማሽኑ ዕጣ የሚነበበው እሱ ላይ ነው። የቀይ ሻይ ቀለም ይዞ ለስላሳ ከሆነ ጤነኛ ነው። ጠቆር ካለ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይጸዳል። ቀለበቱን ከሠሩት መዳቦች አንዱ ከፍ ብሎ ጥፍራችሁን ከያዘው፣ ወይም ተቃጥሎ ከጎደለ፣ አዲስ ካርቦን አትግዙለት፤ በሰዓታት ውስጥ ይበላዋል። የሴትዮዋ ቀለበት እንደ ሻይ ነበር። ደስ አለኝ፣ ግን ወዲያው አልነገርኳቸውም። ተስፋ ሰጥቼ ኩሽኔታው ቢያሳፍረኝስ?

ኩሽኔታ በእጅ ነው የሚታወቀው። ካርቦኖቹ እንደወጡ ሞተሩን ቀስ ብላችሁ አዙሩ። አሸዋ የፈጨ ከመሰላችሁ፣ ወይም ዘንጉ ወደ ጎን ከተወዛወዘ፣ አልቋል። እዚህ ክረምቱን ሙሉ መጋዘን ውስጥ የከረመ ማሽን ኩሽኔታው ዝጎ ድርቅ ብሎ ይጠብቃል። ብዙ ጊዜ የማገኘው 608 የሚባለው ነው፤ ውስጡ 8፣ ውጪው 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር። ቁጥሩ ጎኑ ላይ ተጽፏል፣ ይዛችሁ ሄዳችሁ ያንኑ ግዙ። ማራገቢያውን የያዘው ዳዶ አንዳንዱ ላይ በተቃራኒው ነው የሚፈታው፣ በጉልበት እንዳትሰብሩት። የስፌት መኪና ዘይት የሚያንጠባጥቡበት ሰዎች አሉ። ለሳምንት ጸጥ ይላል። ከዚያ ዘይቱ ከአቧራው ጋር ተቦክቶ ጭቃ ይሆናል፣ ያኔ እኔ ጋ ያመጡታል።

የመጨረሻው ሽቦው ነው። የተቃጠለ የቫርኒሽ ሽታ አፍንጫ አይስተውም፣ ሽቦውም ከሰል መስሎ ይጠብቃችኋል። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። የዛሬ አምስት ዓመት ግድም የአንድ ላቫጆ ቫኪዩም ሲቃጠል «ሽቦውን አዲስ እንጠቀልልለታለን» አልኩ። የውሃ ፓምፕ ዲናሞ ተጠቅልሎ ስንት ዓመት ሲሠራ አይቻለሁና። አስጠቀለልኩት፣ ተነሳ፣ ልጆቹም አጨበጨቡ። በሁለተኛው ሳምንት እየተንቀጠቀጠ ኩሽኔታውን በልቶ ቆመ። ፓምፑ በደቂቃ 3,000 ጊዜ እንኳ አይዞርም፤ የቫኪዩም ሞተር ከ20,000 በላይ፣ አንዳንዱም ከ30,000 በላይ ይዞራል። በዚያ ፍጥነት በአንድ በኩል ጥቂት ሽቦ ከበዛ ሚዛኑ ይዛባል። ሚዛኑን የሚያስተካክል መሣሪያ እኔ የለኝም። ገንዘባቸውን መለስኩ፣ ከዚያ ወዲህ የቫኪዩም ሞተር አላስጠቀልልም።

ስለዚህ ሽቦው ከሞተ ወይ ሙሉ ሞተር፣ ወይ ከሁለት ሙት አንድ ሕያው። ሌላ ሞተር ስትፈልጉ የሞዴሉ ስም ብዙ አያስጨንቃችሁ። ቁመቱን፣ የማራገቢያውን ቤት ስፋትና ከፍታ በሚሊ ሜትር ለኩ፣ ቮልቱን እዩ፣ ዋቱ ከድሮው አይብለጥ። የጎማ ጓርኒሲዮኑ ዙሪያውን በደንብ ካልገጠመ አየር በዚያ ያመልጣል፣ አዲስ ሞተርም ቢሆን አይስብም። «2000 ዋት ካልሆነ» የሚሉኝም አሉ። ዋቱ የሚበላው ነው እንጂ የሚስበው አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ከመስከረም 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ1,600 ዋት በላይ የሆነ አዲስ ቫኪዩም ገበያ እንዳይገባ ከለከለ፣ በ2017 ወደ 900 አወረደው። ምንጣፋቸውን አሁንም ይጠርጋሉ።

ባትሪ ያለው ገመድ አልባው ሌላ ዓለም ነው። እሱን ሌላ ቀን።

ገንዘቡን በተመለከተ የኔ ልክ ይህ ነው። ዕቃውና የእጅ ዋጋው ተደምሮ ደህና ያገለገለ ማሽን ከሚሸጥበት ግማሹን ካለፈ አልጀምርም፣ ለባለቤቱም እነግራለሁ። ክዳኑ አልገጥም ካለ፣ መያዣዎቹ ተሰብረው በላስቲክ ከታሰረ፣ ሞተሩ ደህና ቢሆንም አልመክርም። አካሉ ብረት የሆነ፣ ብሎኑ በወጉ የሚፈታ አሮጌ ማሽን ከመጣ ግን ልኩን ትንሽ አልፋለሁ። ይህ ዝም ብሎ የኔ ፍቅር ነው።

የሴትዮዋ ኩሽኔታ ደህና ነበር። ካርቦን ቀየርኩ። ከቱቦው የገና ቄጠማና ከሐይቁ የሚመጣ የትንኝ ጥራጊ አወጣሁ፣ እጀታው ሥር የተቀደደውንም ቆረጥኩ። አስነስተን መዳፋቸውን ሲያደርጉበት ጥብቅ አድርጎ ያዛቸው፣ ሳቁ። ከዚያ ቱቦውን አንስተው ከቁመታቸው ጋር ለኩት።

«ይኼ ቱቦ አጥሯል።»

«አዎ እትዬ፣ አንድ ስንዝር ቆርጬዋለሁ።»

«ታዲያ የስንዝሯን አትቀንሽልኝም?»

ሃያ ብር ቀነስኩላቸው።