ትልቅ ጎማ ሲያስገጥሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ የፍጥነት መለኪያው፣ ኤቢኤሱና የዳሽቦርዱ መብራቶች

ሂሉክስ፣ ፕራዶ ወይም ላንድክሩዘር የሚነዱ ብዙ ባለመኪናዎች ድንጋያማና ጭቃማ መንገድ ለመቋቋም፣ አንዳንዶቹም መኪናው ከፍ ብሎ እንዲታይላቸው፣ ከፋብሪካው ልክ የሚበልጥ ጎማ ያስገጥማሉ። ጎሚስታው ጎማው ከቸርኬው ጋር መስማማቱንና ፓራፋንጎውን አለመንካቱን አይቶ ያስረክባል፤ ለመኪናው ኮምፒውተር ግን ለውጡን የሚነግረው የለም። ዘመናዊ መኪና ፍጥነቱን፣ የሄደበትን ርቀትና የጎማውን መንሸራተት የሚያውቀው ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ ቆጥሮ፣ ዙሩን ከፋብሪካ በተሞላለት ልክ አባዝቶ ነው። ጎማው ሲያድግና ይህ ልክ ባለበት ሲቀር ስሌቱ ይዛባል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች ሁሉ ምንጫቸው ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ስህተት፦ መብራት ስላልበራ የተለወጠ ነገር የለም ብሎ ማሰብ

ከሁሉም በላይ አሳሳቢ የምለው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ምልክት የለውም። አራቱም ጎማዎች እኩል ካደጉ ኮምፒውተሩ አንዱን ከሌላው አነጻጽሮ የሚያገኘው ልዩነት ስለሌለ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድም መብራት አይበራም። ስሌቱ ግን ዝም አይልም። በሂሉክስና በፕራዶ ላይ የተለመደው 265/65 አር 17 ጎማ ዲያሜትሩ 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በምትኩ የሚገጠመው 285/70 አር 17 ደግሞ 831 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ልዩነቱ 7 በመቶ ነው። ቀድሞ በትክክል ያሳይ የነበረ መለኪያ ከዚህ ለውጥ በኋላ 100 ሲያሳይ መኪናው በእርግጥ የሚሄደው በሰዓት 107 ኪሎ ሜትር ነው።

እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39 የፍጥነት መለኪያ ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ እንዳያሳይ ይከለክላል፤ በተወሰነ ልክ አብልጦ ማሳየትን ግን ይፈቅዳል። ስለዚህ ብዙ መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ ጥቂት ጨምረው ነው የሚያሳዩት። ትልቁ ጎማ ይህን መጠባበቂያ ሊበላውና ከዚያም አልፎ መለኪያውን ወደ አሳናሽነት ሊለውጠው ይችላል። በእርስዎ መኪና ላይ የትኛው እንደሆነ በግምት አይታወቅም፤ እንደ አዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ባለ ለጥ ያለ መንገድ ላይ በተረጋጋ ፍጥነት እየነዱ፣ አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው የስልኩን የጂፒኤስ ፍጥነት እንዲያነብልዎ ማድረግ በቂ ነው።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም እንዲሁ ያሳንሳል። ቆጣሪው 10,000 ሲል መኪናው 10,700 ገደማ ሄዷል፤ የዘይት ቅያሪውም በዚያው ልክ ይዘገያል። ነዳጅ ከወትሮው በላይ ፈጀ ብለው የሚያማርሩ ሰዎችም ከቅሬታቸው ከፊሉ ርቀቱ ተሳስቶ ከመቆጠሩ የመጣ መሆኑን ልብ ሊሉት ይገባል።

ሁለተኛው ስህተት፦ ሁለት ጎማ ብቻ መቀየር

ጎማ ውድ በመሆኑ የኋላዎቹን ሁለት ብቻ አሳድጎ የፊቶቹን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ለብዙዎች ምክንያታዊ ይመስላቸዋል። ኮምፒውተሩ ግን ይህን እንደ ጥፋት ነው የሚያየው። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) እና መንሸራተትን የሚቆጣጠረው ሥርዓት በእያንዳንዱ ጎማ ላይ ያለውን የፍጥነት ሴንሰር እያነበቡ አራቱን ሳያቋርጡ ያነጻጽራሉ። አንድ ጎማ አዲስ ሆኖ ሌላው ጥርሱ እስኪያልቅ ቢበላ እንኳ የዲያሜትራቸው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 በመቶ ቢሆን ነው፤ ሥርዓቱ የዚህን ያህል ልዩነት ይታገሣል። 7 በመቶ ሲሆን ግን የፊት ጎማዎቹ በቀጥታ መንገድ ላይ ጭምር ከኋላዎቹ ፈጥነው ስለሚዞሩ፣ ጎማ እየተንሸራተተ ነው ብሎ የሞተሩን ኃይል ሊቀንስ፣ ፍሬን ሊይዝ ወይም መብራት አብርቶ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል።

ጉዳቱ በመብራት ብቻ አያበቃም። ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ በሚነዳ መኪና ላይ የመሃሉ ዲፈረንሻል (ፊትና ኋላው በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያስችለው) ያለ ዕረፍት ልዩነቱን ሲያካክስ ይሞቃል፣ ይበላል። አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ፎር ዊል በሚገባ መኪና ላይ ደግሞ ፊትና ኋላው በአንድ ላይ በተቆለፉበት ሰዓት መላው የኃይል ማስተላለፊያ ይጨነቃል። ገንዘቡ ለአራት ካልበቃ እስኪሞላ መጠበቅ ይሻላል።

ስኮርታውም በዚሁ ይታሰባል። አሮጌው ትንሽ ጎማ ከመኪናው ሥር እንደተንጠለጠለ ከቀረና መንገድ ላይ ከተገጠመ፣ ያው ችግር በአንድ ጎማ ላይ ይደገማል። ግዴታ ከሆነ ፎር ዊል ሳያስገቡ፣ ቀስ ብለው፣ እስከ ቅርቡ ጎሚስታ ድረስ ብቻ ይንዱ።

ሦስተኛው ስህተት፦ የነፋስ መብራቱን አለመረዳት

የጎማ ነፋስ መጉደልን የሚያስጠነቅቁ መኪኖች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ዓይነት ነፋሱን በቀጥታ አይለካም፤ የጎደለ ጎማ ጥቂት ፈጥኖ ስለሚዞር ይህንኑ ከኤቢኤስ ሴንሰሮች ይረዳል። እንዲህ ባለው መኪና አዲስ ጎማ ከተገጠመና ነፋሱ ከተስተካከለ በኋላ፣ በመቆጣጠሪያ ቁልፉ ወይም በስክሪኑ በኩል ሥርዓቱን እንደገና ማስጀመር ያስፈልጋል። ሁለተኛው ዓይነት በየቸርኬው ውስጥ፣ ነፋስ በሚሞላበት ቫልቭ ላይ፣ ባትሪ ያለው ሴንሰር አለው። ቸርኬውም አብሮ ከተቀየረና ሴንሰሮቹ በአሮጌው ላይ ከቀሩ ማስጠንቀቂያው መብራቱ አይቀርም። አዲስ ሴንሰር ሲገዙም ሞገዱን ይጠይቁ፦ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ መኪኖች በአብዛኛው 315፣ ለአውሮፓ የተሠሩት ደግሞ 433 ሜጋኸርዝ ይጠቀማሉ፤ አንዱ በሌላው አይነበብም።

በብዙ መኪኖች መብራቱ ሞተር ሲነሣ አንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብሎ ከዚያ ሳይጠፋ ከቀረ፣ ምልክቱ የነፋስ መጉደል ሳይሆን የሥርዓቱ ብልሽት ነው። ይህን ሳያውቁ ነፋስ እየጨመሩ መሄድ ጎማውን ከልክ በላይ ያስወጥረዋል።

አራተኛው ስህተት፦ ከጎማው ጀርባ ያለውን ሽቦ አለማየት

ከተገጠመ በኋላ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ አንድ ጎን ጠምዝዘው፣ በባትሪ ብርሃን ከጎማው ጀርባ ይመልከቱ። ከፍሬኑ የላስቲክ ቱቦ ጎን ለጎን ከእርሳስ የቀጠነ ጥቁር ሽቦ ወደ ጎማው መሃል ሲሄድ ያያሉ፤ የፍጥነት ሴንሰሩ ሽቦ እርሱ ነው። ጎማው ሰፍቶ ወይም ቸርኬው ወደ ውስጥ ገብቶ ሲጠመዘዝ ሽቦውን ከነካው፣ መጀመሪያ ላስቲኩን አጽድቶ ያብረቀርቀዋል፣ ቀጥሎ ይልጠዋል፣ በመጨረሻ ይበጥሰዋል። መኪናው ከፍ እንዲል ከተደረገ ደግሞ ሽቦው ተወጥሮ ሊያጥር ይችላል። በሌላው ጎንም እንዲሁ አድርገው ይመልከቱ።

አንድ ሽቦ ሲበጠስ የኤቢኤሱ፣ የመንሸራተት መቆጣጠሪያውና አንዳንዴም የፎር ዊሉ መብራቶች በአንድ ጊዜ ሊበሩ ይችላሉ፤ ሁሉም ያንኑ ሴንሰር ስለሚጋሩ ነው። ሦስት መብራት አይቶ ሦስት ዕቃ የሚያስገዛ ባለሙያ ካጋጠመዎት፣ አስቀድሞ የትኛው ጎማ ሴንሰር እንደጠፋ በመመርመሪያ ማሽን አንብቦ እንዲነግርዎ ይጠይቁት።

አምስተኛው ስህተት፦ መብራቱን ማጥፋት እንጂ ምክንያቱን አለመፈለግ

ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ኮድ አጥፍቶ መኪናውን ማስረከብ፣ ከዚያም የባሰው የኤቢኤሱን ፊውዝ መንቀል፣ በምንም መንገድ ልቀበለው የማልችለው ነገር ነው። ምክንያቱ ሳይነካ የጠፋ ኮድ ተመልሶ ይመጣል። ፊውዙ የተነቀለ መኪና ደግሞ ያለ ኤቢኤስና ያለ መንሸራተት መቆጣጠሪያ የሚሄድ ነው፤ ትልቁ ጎማ መኪናውን ከፍ አድርጎ፣ ክብደቱም ጨምሮ፣ ለማቆም የሚያስፈልገው ኃይል በበዛበት ሰዓት ይህን ጥበቃ ማንሣት በዝናብ ቀን ነፍስ ሊያስከፍል ይችላል።

ስድስተኛው ስህተት፦ አዲሱን ልክ ለኮምፒውተሩ አለመንገር

በአንዳንድ መኪኖች፣ በተለይ በአሜሪካ ፒካፖች፣ የጎማውን ልክ በመመርመሪያ ማሽን መሙላት ይቻላል። በማይቻልባቸው ላይ የፍጥነቱን ምልክት የሚያርም ትንሽ መሣሪያ በሽቦው መሃል ይገጠማል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ላለው መኪና ይህ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ማርሽ የሚቀይርበትን ጊዜ የሚወስነው በፍጥነቱ ነውና፤ ይሁን እንጂ ዳገት ላይ የሚሰማው የጉልበት መቀነስ በዲፈረንሻሉ ጥርስ ቅያሪ እንጂ በቁጥር ማረም አይመለስም። ወደ ፋብሪካው ጎማ የሚመለሱ ከሆነም የታረመውን ልክ መልሰው ያስተካክሉ፤ ካልሆነ መለኪያው በዚያው 7 በመቶ ያህል ከእውነቱ አብልጦ ያሳያል።