ስለ ጭስ አቤት ስንል የምንሳሳታቸው ነገሮች

በኅዳር ማለዳ ከደሴ ተነስታችሁ ሐረጎን ስትወርዱ ኮምቦልቻ ላይ ግራጫ ነገር ተኝቶ ታያላችሁ። ከሩቅ ጉም ይመስላል። ጠጋ ስትሉ ይሸታል።

ይሄን ጭስ ሁላችንም እናማዋለን፣ በወጉ የሚያመለክተው ግን ጥቂት ነው። እኔም ሞክሬ ተሳስቻለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት የሰፈራችን ሰው ተሰብስቦ ማመልከቻ ጻፈ። ከጎናችን ያለ አንድ ፋብሪካ፣ ስሙ ይቅር፣ ሌሊት ሌሊት ጥቁር ጭስ ይለቃል። «ጭሱ አስቸግሮናል፣ መፍትሔ ይሰጠን» ብለን አርባ ሰው ፈረምን። የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያው የመጣው ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል። «መቼ መቼ ነው የሚያጨሰው? በሳምንት ስንቴ?» አለን። እርስ በርስ ተያየን። አንዱ «ሁሌ» አለ፣ ሌላው «ሰሞኑን»። «አብሽሩ፣ እናየዋለን» ብሎ ሄደ። አብሽሩ እንደተባልን ቀረን።

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ሰዓትና ቀን የሌለው አቤቱታ። ኮምቦልቻ በተራራ የተከበበች ሳህን ናት። በበጋ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ወርዶ ሳህኑ ውስጥ ይተኛል፣ ሞቅ ያለው ከላይ ይከድነዋል። ጭሱም ክዳኑ ሥር ይቀራል። ፀሐይ ከፍ ስትል ክዳኑ ይነሳና ይበተናል። ስለዚህ ረፋድ ላይ የመጣ ሰው ምንም ባያይ አይገርምም።

እኛን ያስተካከሉን ጎረቤቴ እትዬ ናቸው። ነጠላቸውን ማታ አጥበው ያሰጣሉ። ጠዋት ጥቁር ነጠብጣብ ካገኙበት የልጅ ልጃቸውን ደብተር ያስወጣሉ። ቀኑ፣ ጭሱ የጀመረበትና ያቆመበት ሰዓት፣ ነፋሱ ከየት እንደነበር ይጻፋል። ነጠብጣቡን በጣታቸው ያሹታል። «አቧራ ቢሆን እፍ ስለው ይሄድ ነበር፣ ይሄ ይለቀልቃል» ይላሉ። በሁለት ወር ውስጥ ነገሩ ለየ፦ አብዛኛውን ጊዜ ማክሰኞና ዓርብ፣ ከሌሊቱ ስድስት እስከ ዘጠኝ። የደብተሩን ኮፒ አያይዘን በድጋሚ አመለከትን። በዚህ ጊዜ ባለሙያዎቹ የመጡት ሌሊት ነው።

«ዘበኛው አላስገባም ካለስ?» የሚል አለ። ይሄም ስህተት ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የአካባቢ ተቆጣጣሪ ቀድሞ ሳያሳውቅና የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይዝ፣ ተገቢ ነው ባለው ሰዓት እንዲገባ ይፈቅድለታል። ናሙናም ያለ ክፍያ ይወስዳል። ይሄን ለባለሙያው በትሕትና ማስታወስ ነውር የለውም።

«እኔ ምን አገባኝ፣ የታመመው ይክሰስ» ማለትም አያዋጣም። በዚሁ አዋጅ መሠረት ማንም ሰው የራሱ ጥቅም መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው፣ ወይም በውሳኔው ቅር ከተሰኘ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ቀኑ የሚቆጠረው ግን ማመልከቻው የገባበት ቀን ሲታወቅ ነው። መዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ቁጥር ያልተሰጠው ማመልከቻ አልተጻፈም በሉት። የመጀመሪያውን እኛ በእጅ ሰጥተን ነው የተመለስነው። ሞኝነት!

የስልክ አፕ ላይ ያለ ቁጥርን እንደ ማስረጃ መያዝ ሌላው ነው። አንድ ጓደኛዬ «ደሴ ዛሬ 80 ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት 15 ነው የሚለው፣ አለቅን!» ብሎ ደወለልኝ። 80 ያለው የአየር ጥራት ኢንዴክስ ነው፣ የብክለት ደረጃን የሚያሳይ ነጥብ እንጂ የብናኝ ልክ አይደለም። 15 ደግሞ ድርጅቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ለደቃቅ ብናኝ፣ ማለትም ለፒኤም 2.5፣ ያወጣው የ24 ሰዓት አማካይ ጣሪያ ነው፣ በማይክሮግራም በሜትር ኩብ። የዓመቱ 5 ነው። በአሜሪካኑ ስሌት ኢንዴክስ 100 ማለት 35 ማይክሮግራም ገደማ ስለሆነ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ኪሎን ከሜትር ማወዳደር ነው። ደግሞ በአቅራቢያው መለኪያ ለሌለው ከተማ አፑ የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ከሳተላይትና ከኮምፒውተር የተገኘ ግምት ነው።

ርካሽ መለኪያ ገዝቶ መስቀልም መፍትሔ ይመስላል። የደሴን የክረምት ጉም ግን አትርሱ። እነዚህ መለኪያዎች በብርሃን ነው የሚቆጥሩት። ብናኙ እርጥበት ጠጥቶ ሲያብጥ ቁጥሩም አብሮ ያብጣል። ከትክክለኛ መለኪያ ጎን ተቀምጦ ካልተመሳከረ በሐምሌ የሚያሳያችሁን አትመኑ።

ስለ መኪና አንድ ነገር ብቻ ልበል። ቦሎ አለው ማለት አያጨስም ማለት አይደለም። ምርመራው በዓመት አንዴ ነው፣ የጅቡቲው መንገድ ላይ ያለው ከባድ መኪና ግን በየቀኑ ነው የሚያልፈው።

የመጨረሻው የራሳችንን ጓዳ መርሳት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ የቤት ውስጥ ጭስ 3.2 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። ፋብሪካውን ከስሰን ስንገባ በዝግ ጓዳ ኩበት እናነዳለን፣ በር ዘግተን በከሰል ቡና እናፈላለን። የከሰሉ ጋዝ ደግሞ ሽታ እንኳ የለውም።

እትዬ ይሄን ከኔ ቀድመው ነው ያሰቡት። ደብተሩ ላይ አንድ መስመር አስጨመሩ፦ «ዛሬ እንጀራ ጋግረናል»። ለምን ስላቸው፣ «የኔን ጥላሸት በሰው ላይ እንዳልለጥፍ ነዋ» አሉኝ።