ተጎታች የሳር ማጨጃ ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ስለተቀመጠች ሰፊ ግቢ ያለው ብዙ ነው። ፋብሪካው፣ መጋዘኑ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የእምነት ቦታው ሁሉ ክረምት ሲመጣ ሳር ይውጠዋል። በሰው ጉልበት የሚገፋ ማጨጃ ለዚህ አይበቃም። ስለዚህ ተጎታቹን፣ ማለትም የራሱ ሞተር ኖሮት ከትንሽ ትራክተር ወይም ከፒካፕ ኋላ ታስሮ የሚሄደውን ማሽን የሚያስቡ ሰዎች አሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግቢያችሁ ከግማሽ ሄክታር በታች ከሆነ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ፣ የሚገፋው ይበቃችኋል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልብ በሉ። እዚህ ሥራ ላይ ሁለት ሞተር አለ። አንዱ ይጎትታል፣ ሌላው ያጭዳል። የፊተኛው ሲፈጥን የኋለኛው አያውቅም። ሾፌሩም ጋቢና ውስጥ ሆኖ የኋላው ሲጨነቅ አይሰማውም። ከታች ካሉት ችግሮች ብዙዎቹ የሚመነጩት ከዚሁ ነው።

ሳር ሲበዛበት ሞተሩ ያቃስታል፣ ጥቁር ጭስም ይለቃል

ይህን ቅሬታ ደሴም ኮምቦልቻም ትሰማላችሁ። ብዙ ሰው «ቻይና ሰርቶ ሸወደን» ይላል። የመጀመሪያው ተጠያቂ ግን ከፍታችን ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። ተራ የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከ3 እስከ 3.5 በመቶ ጉልበት ያጣል። ኮምቦልቻ ላይ አንድ አምስተኛ ገደማ፣ ደሴ ላይ ሩብና ከዚያ በላይ ሄደ ማለት ነው። 10 የፈረስ ጉልበት ብላችሁ የገዛችሁት ደሴ ሲደርስ 7 ከምናምን ይሆናል።

ጥቁር ጭሱም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ካርቡሬተሩ ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ ስለሚመጣ፣ እዚህ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ካንዴላውን ፈትታችሁ እዩት። ጫፉ በደረቅ ጥላሸት ከተሸፈነ ቤንዚን በዝቶበታል። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አጽዱ ወይም ቀይሩ፣ የታፈነ ፊልትሮም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያልና። ጭሱ ካልጠፋ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችው ቤንዚን የምታሳልፈው ትንሽ ጄት በጠባቧ ትቀየር። ይህን ለሚያውቅ መካኒክ ስጡ። የተቀየረውን ማሽን ወደ ቆላ፣ ለምሳሌ ወደ ሚሌ ስትወስዱት ግን የድሮውን ጄት መልሱ፤ አለዚያ ቤንዚን ያጥረውና ሞተሩ ይግላል።

ገና ልትገዙ ከሆነ ይህን ስሌት ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ሥሩት። ገበያ ላይ የተለመዱት ስፋቶች 112 እና 152 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ናቸው። ሰው ዓይኑ ሰፊው ላይ ያርፋል። እኔ ግን ለእኛ አገር ጠባቡን ከጠንካራ ሞተር ጋር እመርጣለሁ። ሞተሩም በውሃ መሳቢያ ፓምፕና በጄኔሬተር ላይ የምናውቀው ዓይነት ይሁን። ለእሱ መለዋወጫም መካኒክም አታጡም።

አነዳዱንም አስተካክሉ። የማጨጃው ሞተር ሁልጊዜ በሙሉ ጋዝ ይሥራ። መቀነስ ያለበት የጎታቹ ፍጥነት ነው። ፈጠን ያለ የሰው እርምጃ፣ በሰዓት 5 ወይም 6 ኪሎ ሜትር፣ ይበቃል። መስኮት ከፍታችሁ ድምፁን አዳምጡ። ድምፁ ወፈር፣ ዝቅ ካለ ወዲያው ቀስ በሉ። ወገብ የደረሰ ሳር ደግሞ በአንድ ጊዜ አይላጭም። በመጀመሪያው ዙር ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ዝቅ አድርጋችሁ ድገሙት።

በባጃጅ መጎተት ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። አታድርጉት። እነዚህ ማሽኖች 150፣ 200 ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናሉ። ቀስ ብሎ ሲጎትት ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል፣ ሲታጠፍም ይገለበጣል።

ከኋላ ሁለት መስመር ሳር ሳይታጨድ ይቀራል

ማሽኑ ምንም አልሆነም። የመኪናው ጎማ የረገጠው ሳር ተኝቶ ቢላው ከላይ አልፎት ነው። ብዙዎቹ ተጎታቾች የመጎተቻ ዘንጋቸው ወደ ጎን ይንቀሳቀሳል። ፒኑን ነቅላችሁ ማጨጃው ከመኪናው ጎን ወጣ ብሎ እንዲሄድ አድርጉት። ከዚያ መኪናው በታጨደው ላይ፣ ማጨጃው ባልታጨደው ላይ ይሄዳል። የታጨደው ሳር የሚወጣበት አፍም ወደታጨደው በኩል ይዙር። ይህን ሳታዩ ማሽን አትግዙ፤ ዘንጉ የማይንቀሳቀስ ከሆነ በየዙሩ መደጋገም አለ።

ሳሩ በማግስቱ ጫፉ ይነጣል

አንድ ዘለላ ሰርዶ ነቅላችሁ ጫፉን ወደ ዓይናችሁ አቅርቡ። ቁርጡ ጥርት ያለ ከሆነ ቢላው ደህና ነው። ጫፉ ክር ክር ካለና ከተበጣጠሰ ቢላው ዶልዱሟል። የተቀደደው ክፍል ደርቆ ነው ግቢው ከሩቅ ቡናማ የሚመስለው።

ከስር ከመግባታችሁ በፊት የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ፣ ጎማውንም በድንጋይ አስደግፉ። ይህ የማይታለፍ ነው፤ ቢላውን በእጅ ስታዞሩት ሞተሩ ሊነሳ ይችላል። ቢላውን ፈትታችሁ በሞረድ በነበረው ስለት አቅጣጫ ብቻ ሞርዱ። ከሁለቱም ጫፍ እኩል ይወሰድ። ከዚያ ግድግዳ ላይ ሚስማር መትታችሁ በመሃል ቀዳዳው አንጠልጥሉት። አንዱ ጫፍ ካዘነበለ ያ በኩል ከብዷል፣ ጥቂት ጨምራችሁ ሞርዱት። ስትመልሱት ወደ ላይ የታጠፈው የቢላው ክንፍ ወደ ማሽኑ ሽፋን ይዙር። ተገልብጦ የገባ ቢላ ሳሩን ያስተኛዋል እንጂ አይቆርጠውም።

ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፣ ይጮኻል

ድንጋይ ከመታ በኋላ የጀመረ ከሆነ ቢላው ጎብጧል። የጎበጠ ቢላ በመዶሻ አይቀናም፣ ይቀየር። ቢላው ደህና ሆኖ የሚያፏጭ ከሆነ ቢላው የሚዞርበት ዘንግ ኩሽኔታ አልቋል። ቢላውን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች አነቃንቁት፣ ከተንቀሳቀሰ አትጠራጠሩ። ግራሶ መስጫ ያለው ማሽን ከሆነ በየጊዜው ስጡት። ከማጨዳችሁ በፊት ደግሞ ግቢውን በእግር ዙሩ። ሽቦ፣ ብረት፣ ድንጋይ ልቀሙ። ቢላው የወረወረው ጠጠር ሰው ሊያሳውር ይችላል፤ ሕጻናትና ከብት ራቅ ይበሉ።

ቺንጋው ይሸታል፣ ቢላው ይቆማል

ቺንጋው፣ ማለትም ሞተሩን ከቢላው የሚያገናኘው ቀበቶ፣ ወይ ላልቷል፣ ወይ እርጥብ ሳር ከሽፋኑ ስር ተለጥፎ ቢላውን ይዞታል። ነሐሴ ላይ ጠዋት ማጨድ ይህን ያመጣል። ጤዛው እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ከሥራ በኋላም ስሩን ፋቁ። ዋልካ አፈር ያለበት ግቢ ከዝናብ ማግስት አትግቡ፤ ጎማው ሰምጦ የሚተወው ቦይ በበጋ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። አዲስ ቺንጋ ከመግዛታችሁ በፊት አሮጌው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ጻፉ፤ ቁጥሩ ከመሰረዙ በፊት፣ ገና ማሽኑ አዲስ ሳለ ቢሆን ይመረጣል።

አንዱ ጎን ዝቅ ብሎ ይላጫል

ጎማ ንፋስ ጎድሎታል። መጀመሪያ እሱን ሙሉ፣ ሌላውን በኋላ።

ሐምሌ ላይ አልነሳ ይላል

ማሽኑ ከኅዳር ጀምሮ ቆሟል። ታንከሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን በወር በሁለት ወር ይበላሻል፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ሙጫ ሆኖ ቀዳዳውን ይደፍናል። አሮጌውን ቤንዚን አፍስሱ፣ ካርቡሬተሩን አስፈትታችሁ አሳጥቡ፣ አዲስ ሙሉ። ለሚቀጥለው ዓመት፣ የመጨረሻውን ማጨድ ስትጨርሱ የቤንዚኑን ቧንቧ ዝጉና ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ ይሥራ። ዘይቱንም ያኔ ቀይሩት። በልግ ከዘነበ ሚያዝያ ላይም ሳር ይኖራል፣ ያኔ ማስነሳት ለማሽኑ ጥሩ ነው።

ተዳፋት ላይ ወደ ታች ይገፋል

ይህ የደሴ ጉዳይ ነው። ቁልቁል ስትወርዱ ተጎታቹ መኪናውን ከኋላ ይገፋል፣ ስትታጠፉ ደግሞ በጎን ይገባል። ብዙ አምራቾች ከ15 ዲግሪ በላይ አትግቡ ይላሉ። በ10 ሜትር ርቀት 2.7 ሜትር ገደማ ከፍ ካለ 15 ደርሷል። ከጦሳ ተራራ ስር ያሉ ብዙ ግቢዎች ከዚህ ያልፋሉ። እዚያ በትከሻ የሚያዝ ማጨጃ ወይም ማጭድ ይሻላል፤ ተጎታቹን ለሜዳው ክፍል ተዉት።

ከብቶቹ የታጨደውን ሳር አይበሉም

የሚሽከረከር ቢላ ሳሩን ይፈጫል። የተፈጨ እርጥብ ሳር ሲከመር ይግላል፣ ይሻግታል። ለድርቆሽ አይሆንም። ሳሩን ለከብት ለማዋል ወይም ለመሸጥ የምታስቡ ከሆነ የምትገዙት ማሽን ሌላ ነው፤ እንደ መቀስ ወዲያ ወዲህ እያለ ዘለላውን ሙሉውን ከስር ቆርጦ የሚያስተኛውን ባለጥርስ ማጨጃ ጠይቁ። ተጎታቹ ቤታችሁ ካለ ግን ነሐሴ ላይ ለውበት የምታጭዱትን ክፍል ለዩ፣ ለድርቆሽ የምትፈልጉትን ክፍል እስከ መስከረም መጨረሻ ሳትነኩ አቆዩና በማጭድ አሳጭዱት።