በዓባይ በረሃ የጠፋ ቡድን አፈላለግ

ከጎጃም በኩል ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ የአጥኚዎች ቡድን በቀጠሮው ሳይመለስ ሲቀር አገሬው ነቅሎ ይወርዳል። ነገር የሚበላሸውም እዚያው ላይ ነው፤ ሃምሳ ሰው የረገጠው መንገድ ላይ የጠፉት ሰዎች ዱካ አይለይም። መጀመሪያ መውጫውን ያዙ፦ በየመልካው፣ በየምንጩና የእግር መንገዱ አፋፍ በሚወጣበት ሁሉ ሁለት ሁለት ሰው ይቀመጥ። ቀጥሎ ሦስት ጥያቄ፦ መጨረሻ የታዩት የት ነው? ስንት ሊትር ውሃ ይዘዋል? ጫማቸው ምን ዓይነት ነው? እረኞችን ሳትጠይቁ አትውረዱ።

ዱካ የሚነበበው ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ ማለትም ከጠዋቱ 12:30 እስከ 3 ሰዓትና ከ10 ሰዓት በኋላ ነው። ዱካው በእናንተና በፀሐይዋ መካከል ይሁን፤ ያኔ ጥላው ጠርዙን ያወጣዋል። አንድ ቀጭን ዘንግ ቁረጡና የዱካውን ርዝመት፣ ከተረከዝ እስከ ቀጣዩ ተረከዝ ያለውንም ርቀት በቢላ ምልክት አድርጉበት። ዱካው ሲጠፋ የዘንጉን የእርምጃ ርቀት ምልክት በመጨረሻው ተረከዝ ላይ አድርጋችሁ ጫፉን በቅስት አዙሩት፤ ቀጣዩ እርምጃ እዚያ ቅስት አጠገብ ነው፤ የተጋደመ ሣር ወይም የተገለበጠ ጠጠርም ይበቃል። አንዱ ያነባል፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ ይጠብቃሉ። ከአንባቢው የሚቀድም ሰው ዱካ ያጠፋል።

ዱካ ከሌለ ደረቅ ሸለቆዎቹን አስቡ። የተጠማ ሰው ወንዙን ከላይ ስለሚያየው ሸለቆ ይዞ ይወርዳል። ሸለቆው ግን ከላይ በጥቁሩ ድንጋይ፣ ከሥር በኖራ ድንጋዩ እርከን ላይ በድንገት ገደል ይሆናል። ሰውየው ዘሎ ወርዶ ከሆነ መመለሻ የለውም። ስለዚህ የየገደሉን አናት መጀመሪያ እዩ።

ፊሽካ ሦስት ጊዜ ንፉ፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ደቂቃ ዝም ይበል። ገደሉ ድምፅ ስለሚመልስ አቅጣጫውን ሁለት ሰዎች ተራርቀው ይጠቁሙ። ስልክ ከሥር ባይሠራም አፋፍ ላይ መልእክት ሊያልፍ ይችላል። የድሮው 1:50,000 ካርታ አዲንዳን በሚባለው የቦታ መለኪያ መነሻ፣ ጂፒኤሱ ደግሞ ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው ሌላ መነሻ ከሆነ ቦታው ወደ 200 ሜትር ይሳሳታል፤ ይህም በገደል አገር ማዶና ማዶ ማለት ነው።

ለፈላጊው በቀን ቢያንስ 6 ሊትር ውሃ ይያዝለት፤ ከ5 እስከ 9 ሰዓት ጥላ ሥር ይረፍ። ወንዝ ዳር አዞ አለ፤ በክረምት ደግሞ ደጋ ላይ የዘነበው ጎርፍ ሳታስቡት ሸለቆውን ሞልቶ ስለሚመጣ እዚያ አታድሩ።

የተገኘው ሰው ሰውነቱ ግሎ የሚቀባጥር ከሆነ አታጠጡት፤ መጀመሪያ ልብሱን አቅልላችሁ አንገቱን፣ ብብቱንና ብሽሽቱን በውሃ አርጥቡና አራግቡለት። ልቡን ሲያውቅ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ በትንሽ በትንሹ ስጡት። አቀበቱን በቀትር አታስጀምሩት። የተገኘው አንዱ ብቻ ከሆነ ከጓደኞቹ የተለየበትን ቦታ ጠይቁት፤ ፍለጋው ከዚያ ነጥብ እንደ አዲስ ይጀመራል፤ መውጫ ላይ የተቀመጡትም ሁሉም እስኪቆጠሩ አይነሡም።